ከሆስፒታል በር እስከ ቤት ደጃፍ፤ ታክመው ወደ ወገናቸው ስለሚመለሱ ወጣቶች የተሰጠ መግለጫ

ኦልድ ካምፓላ የተባለው ኮረብታ የመንገደኛና የእንግዳ ማረፊያ ነው። ካፒቴን ሉጋርድ በ1890 ዓ.ም. ምሽጉን የሠራው በዚህ ኮረብታ ላይ ሲሆን፣ ዛሬ የዩጋንዳ ብሔራዊ መስጊድ ቆሞበታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከኮረብታው ሥር በኪሴኒ በኩል ወደየአውራጃው የሚሄዱ አውቶቡሶች ይነሣሉ። በፖሊስ ጣቢያውም ከሌላ አገር ተሰደው የመጡ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ስማቸውን ሲያስመዘግቡ ኖረዋል፤ ከእነዚህም መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይገኛሉ።

በዚህ ስፍራ ከሚያልፈው ሕዝብ መካከል ልብ የማይባል አንድ መንገደኛ አለ። ይኸውም በቡታቢካ ሆስፒታል ለሳምንታት ወይም ለወራት ተኝቶ ሲታከም ከርሞ፣ ጥቂት ልብስና አንድ ከረጢት መድኃኒት ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ወጣት ነው። ሐኪሞቹ ተሽሎሃል ብለው አሰናብተውታል። እርሱ ግን አባቱ ቤት ይቀበለው እንደ ሆነ፣ የተወው ሥራ ይቆየው እንደ ሆነ፣ ጎረቤት በስሙ ይጠራው ወይም «ያ እብድ» ይለው እንደ ሆነ አያውቅም። መድኃኒቱ ባለቀ ጊዜ ወዴት እንደሚሄድም የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አንድ ነው። ሕክምና በሆስፒታሉ በር ላይ አያልቅም፤ ከሆስፒታሉ በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ያለው መንገድ ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው። ይህንንም መንገድ የሚጠርገው ሐኪም ብቻ ሳይሆን ቤተ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አሠሪና የመንደር ሹም ነው። ስለዚህ ነገሩ ምን እንደሆነ፣ በሌላ አገርና በዚሁ በዩጋንዳ ምን እንደተሠራ፣ እያንዳንዳችንም ምን ልናደርግ እንደምንችል ከዚህ በታች በዝርዝር እንገልጻለን።

ስለ ቡታቢካ ሆስፒታል

በዩጋንዳ የአእምሮ ሕሙማን በተቋም መጠበቅ የጀመሩት በ1920ዎቹ ዓመታት በሆይማ ወኅኒ ቤት ውስጥ ነበር። ከዚያም በኋላ በ1930ዎቹ ወደ ሙላጎ ተዛወሩ። ቡታቢካ ሆስፒታል የተከፈተው በ1955 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሚገኘውም ከካምፓላ በስተ ምሥራቅ፣ የቪክቶሪያ ሐይቅ በሚታይበት ስፍራ ነው። ለረጅም ዘመን የተመደበለት አልጋ 550 ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ ቁጥር እጅግ የበለጡ ሕሙማንን ያስተናገደበት ጊዜ ብዙ ነው። ለሕፃናትና ለወጣቶች የተለየ ክፍል፣ እንደዚሁም በመጠጥና በአደንዛዥ ነገር ለተጎዱ ሰዎች የተለየ ክፍል አለው።

ወጣቶችን ለይተን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2022 ዓ.ም. የታተመና የብዙ አገሮችን ጥናቶች ያሰባሰበ አንድ ሰፊ ምርመራ እንዳስረዳው፣ በሕይወት ዘመን ከሚደርሱት የአእምሮ ሕመሞች ከሦስቱ አንዱ ያህል የሚጀምረው ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። ግማሽ ያህሉ ከ18 ዓመት በፊት፣ ከ100ው 62 ያህሉም ከ25 ዓመት በፊት ይጀምራሉ። ይህ ማለት ሕመሙ ሰውን የሚያገኘው ትምህርቱን ሳይፈጽም፣ ሙያ ሳይዝና ጎጆ ሳይወጣ ነው። ሸምገል ያለ ሰው ታክሞ ሲመለስ ወደ ነበረው ኑሮ ይመለሳል፤ ወጣቱ ግን የሚመለስበትን ኑሮ ገና አልሠራውም። ስለዚህ ለእርሱ መመለስ ብቻ አይበቃውም፤ እንደ አዲስ መጀመርም ያስፈልገዋል።

አደጋው ያለው በመውጫው ጊዜ ነው

ብዙ ሰው አደጋው የሚያልፈው ሕመምተኛው ከሆስፒታል በወጣ ዕለት ይመስለዋል። የሕክምና ጥናት የሚያሳየው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። በሆስፒታል ውስጥ ምግብ በሰዓቱ ይቀርባል፤ መድኃኒት በነርስ እጅ ይሰጣል፤ መኝታና መነሻ ሰዓትም የታወቀ ነው። ወጣቱ በበሩ በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይህ ሥርዓት ሁሉ ይቀርበታል። በምትኩም ጫጫታ፣ ዕዳ፣ የቤተ ሰብ ጠብ፣ ሐሜትና የሥራ ማጣት ይጠብቁታል።

በ2017 ዓ.ም. የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር እንዳመለከተው፣ ከአእምሮ ሆስፒታል ከወጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ራስን የማጥፋት አደጋ በመላው ዓለም ከሚታየው የተለመደ መጠን 100 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ይህን የምንጽፈው ሰውን ለማስደንገጥ አይደለም፤ ከሚወጡት ሰዎች እጅግ የሚበዙት ይህን ጊዜ በደኅና ያልፉታል። ነገር ግን እነዚያ 3 ወራት ሰው ብቻውን የሚተውባቸው ወራት አለመሆናቸውን ሁሉም ሊያውቀው ይገባል።

ሁለተኛው አደጋ የመድኃኒት መቋረጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. 65 ጥናቶችን የመረመረ አንድ ጽሑፍ ስኪዞፍሬንያ የተባለውን ሕመም ስለታመሙ ሰዎች የሚከተለውን አስታውቋል፤ መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት ከ100ው በ27ቱ፣ መድኃኒቱ ከተቋረጠባቸው ደግሞ ከ100ው በ64ቱ ሕመሙ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ አገርሽቷል። እንግዲህ «ተሽሎታል፤ መድኃኒቱን ይተው» የሚል የጎረቤት ምክር፣ በቅን ልቡና ቢሰጥም እንኳ፣ ወጣቱን ወደ ሆስፒታሉ የሚመልስ ምክር መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። መድኃኒቱ የሚቀነስበትን ወይም የሚተውበትን ጊዜ የሚወስነው ከራሱ ከሕመምተኛው ጋር ተመካክሮ ሐኪሙ ነው።

የመሸጋገሪያ ኑሮ ማለት ምን ማለት ነው?

የመሸጋገሪያ ኑሮ የሚባለው በሆስፒታልና በራስ ቤት መካከል የሚደረግ፣ የተወሰነ ጊዜ ያለውና ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ዝግጅት ነው። በአንዳንድ አገር ይህ ጥቂት ወጣቶች ከአንድ ተቆጣጣሪ ጋር የሚኖሩበት ተራ የመኖሪያ ቤት ነው። በዚያም ምግባቸውን ራሳቸው ያበስላሉ፤ ገበያ ይወጣሉ፤ መድኃኒታቸውን በራሳቸው እጅ መውሰድ ይለማመዳሉ፤ ቀን ቀን ወደ ትምህርት ወይም ወደ ሥራ ይሄዳሉ። በሌላ አገር ደግሞ ወጣቱ በዘመድ ወይም በአሳዳጊ ቤት ተቀምጦ የሚጎበኘው ሠራተኛ ይመደብለታል። የተለየ ቤት በሌለበት አገር የወጣቱ የገዛ ቤት ራሱ የመሸጋገሪያ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሚሆነው ቤተ ሰቡ አስቀድሞ ከተዘጋጀና ጎብኚ ካልተቋረጠ ነው።

ቅርጹ ልዩ ልዩ ቢሆንም ፍሬ ነገሩ አምስት ነው። አንደኛ፣ የመውጫው ቀን ሳይደርስ ከወጣቱና ከቤተ ሰቡ ጋር ዕቅድ ማውጣት፤ ሁለተኛ፣ መድኃኒት የሚገኝበትን የቅርብ ጤና ጣቢያና የቀጠሮውን ቀን ማወቅ፤ ሦስተኛ፣ ለቤተ ሰቡ ስለ ሕመሙ ማስተማር፤ አራተኛ፣ ቀኑን የሚሞላ ሥራ ወይም ትምህርት ማዘጋጀት፤ አምስተኛ፣ ወጣቱ ያለ ሐፍረት የሚያነጋግረው አንድ የታወቀ ሰው መኖሩ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹም ይላላሉ። ሥራ ያገኘ ወጣት መድኃኒቱን ካጣ ሥራውን ያጣል፤ መድኃኒት ያለው ወጣት ቀኑን ሙሉ ተዘግቶበት ከዋለ ተስፋውን ያጣል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። መሸጋገሪያ የተባለው ሁሉ የሚያሸጋግር ካልሆነ ሌላ ሆስፒታል ከመሆን አያልፍም። የመግቢያ ቀን እንጂ የመውጫ ቀን የሌለው ቤት፣ ወጣቱ አሳቡን የማይጠየቅበት ቤት፣ ዘመድ የማይገባበት ቤት፣ ስሙ ምንም ቢባል የመሸጋገሪያ ቤት አይደለም።

በሌላ አገር የታየ ምሳሌ

አሳቡ አዲስ አይደለም። በቤልጅግ አገር ጌል በምትባል ከተማ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የከተማው ሰዎች የአእምሮ ሕሙማንን በየቤታቸው ተቀብለው አብረው ሲበሉና አብረው ሲሠሩ ኖረዋል። መነሻው የቅድስት ዲምፍና ገዳማዊ ጉዞ ነበር፤ ለፈውስ የመጣው ሕመምተኛ ብዙ ሲሆን ሕዝቡ ማሳደር ጀመረ፤ ልማዱም እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

በአፍሪካም የናይጄሪያው ሐኪም ቶማስ አዴኦዬ ላምቦ በ1954 ዓ.ም. በአቤኦኩታ አጠገብ በአሮ ያቆመው ሥራ በዓለም የታወቀ ነው። ላምቦ ሕሙማኑን ሁሉ በሆስፒታል ቅጥር ውስጥ ከማስቀመጥ ይልቅ በዙሪያው ባሉት መንደሮች በገበሬዎች ቤት እንዲያድሩ አደረገ። እያንዳንዱ ሕመምተኛ ከእርሱ ጋር የሚቀመጥ ዘመድ ይዞ ይመጣል፤ ቀን ወደ ሕክምናው ይሄዳል፤ ማታ ወደ መንደሩ ይመለሳል። በዚህ አሠራር ቤተ ሰቡ ሕመሙን በዓይኑ እያየ ተማረ፤ መንደሩም ሕመምተኛውን ከመፍራት ይልቅ ማወቅ ጀመረ። ገንዘብ የሌለው አገር ሁልጊዜ ትልቅ ሕንፃ መጠበቅ እንደማያስፈልገው አሮ አስተምሯል።

በዩጋንዳ የተገኘ ትምህርት

ዩጋንዳ ራሷ በዚህ ነገር ብዙ መከራና ብዙ ትምህርት ያየች አገር ናት። በሰሜኑ ክፍል ከ1987 ዓ.ም. አንሥቶ የጌታ ተከላካይ ጦር የተባለው የሽፍታ ጦር እጅግ ብዙ ልጆችን ነጥቆ ወታደርና ተሸካሚ አድርጎ ነበር። ያመለጡትን ልጆች የሚቀበሉ ማረፊያዎች በጉሉ ከተማ ተቋቋሙ፤ ከእነዚህም በ1994 ዓ.ም. የተመሠረተው ጉስኮ የተባለው ድርጅት አንዱ ነው። ልጆቹ በዚያ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ይቀመጣሉ፤ ቁስላቸው ይታከማል፤ ምክር ይሰጣቸዋል፤ በዚያው ጊዜ ሠራተኞች ወላጆቻቸውን ፈልገው ያገናኟቸዋል።

ልጁ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ቀን የአቾሊ ሕዝብ የቆየ ሥርዓት ነበረው። ከቤቱ ደጃፍ ላይ እንቁላል ይቀመጣል፤ ከሩቅ አገር የተመለሰው ልጅ ረግጦት ይገባል። ትርጉሙም በውጭ ያገኘው ክፉ ነገር በውጭ ቀርቶ፣ እርሱ እንደ ልጅ ወደ ቤቱ መግባቱ ነው። ይህ ሥርዓት የሐኪምን ሥራ አይተካም። ነገር ግን ሐኪም ሊያደርገው የማይችለውን ያደርጋል፤ ይኸውም ጎረቤቱ ሁሉ እያየ «ይህ ልጅ የእኛ ነው» ብሎ በይፋ መመስከር ነው።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ብቻ አልበቃም። በ2000 ዓ.ም. በወጣው የምሕረት ሕግ መሠረት ለሚመለሱት ጥቂት ገንዘብ፣ ፍራሽ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ መቆፈሪያና ዘር ይሰጥ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ የተነጠቁት ወጣቶች ካልተነጠቁት ጋር ሲነጻጸሩ አንድ ዓመት ያህል ትምህርት ጎድሎባቸዋል፤ ገቢያቸውም በአንድ ሦስተኛ ያህል አንሷል። ከዚህ የምንማረው፣ ሰውን ከቤቱ ደጃፍ ማድረስና ሰውን መልሶ ማቋቋም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። አቀባበሉ ያማረለት ወጣት ትምህርቱና ሙያው ካልተመለሰለት ቁስሉ በሌላ በኩል ይከፈታል።

ወደ ካምፓላ ስንመለስ፣ ቡታቢካ ሆስፒታል ከምሥራቅ ለንደን የሕክምና ተቋም ጋር ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው ወዳጅነት ሁለቱ ወገኖች አንድ መልካም ነገር ፈጽመዋል። እነርሱ ራሳቸው የአእምሮ ሕመም ደርሶባቸው የተሻላቸውን ሰዎች መርጠው አሠለጠኗቸው፤ እነዚህም ሰዎች በ2012 ዓ.ም. ገደማ ከሆስፒታሉ የወጡትን በየቤታቸው መጎብኘት ጀመሩ። ይህ ዓይነቱ ረዳት ከሐኪም የተለየ ኃይል አለው። «እኔም በዚያ አልጋ ላይ ተኝቼ ነበር፤ ዛሬ ግን ሠርቼ እበላለሁ» ሲል የሚሰማው ወጣት ተስፋን በዓይኑ ያያል። ይኸው አሠራር ኋላ ከካምፓላ ሌላ በዳሬሰላም፣ በጀርመን፣ በሕንድና በእስራኤል በአንድነት ተጠንቷል።

ከኢትዮጵያ የተገኘ ምሳሌ

የአገራችን ሰው በዚህ ነገር የሚኮራበት ሥራ አለ። በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬንያ ላለባቸው ሰዎች የተደረገ ጥናት በ2022 ዓ.ም. ታትሟል። በጥናቱ የተካፈሉት 166 ሕሙማን ሲሆኑ፣ ሁሉም በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ሕክምና ያገኙ ነበር። ከእነርሱም ለአንዱ ወገን ቤት ለቤት የሚጎበኝ ሠራተኛ ተጨመረለት።

ጎብኚዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱና ለጥቂት ሳምንታት የሠለጠኑ የዚያው አካባቢ ሰዎች ነበሩ። ሥራቸውም ከቤተ ሰቡ ጋር መነጋገር፣ መድኃኒቱን ማስታወስ፣ ሕመምተኛው ወደ እርሻው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም ወደ መስጊዱ፣ ወደ ዕድሩም እንዲመለስ ማገዝ ነበር። ከ12 ወራት በኋላ የተጎበኙት ሰዎች ካልተጎበኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ ማከናወን ችለዋል። እንግዲህ አንድ አስተዋይ የመንደር ሰው በጥቂት ትምህርት ይህን ያህል ሊረዳ ከቻለ፣ በኦልድ ካምፓላ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ስለ ፍርሃትና ስለ ተቃውሞ

ብዙ ጊዜ የሚቀርቡ ተቃውሞዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ፍርሃት ነው፤ «ከእብድ ጋር እንዴት እንኖራለን?» ይባላል። ነገር ግን ከታከሙት ሰዎች እጅግ የሚበዙት በማንም ላይ አደጋ አያደርሱም፤ ይልቁንም በእነርሱ ላይ ግፍ የሚደርስበት ጊዜ ይበዛል። አደጋን የሚያበዛው ሕክምና ማጣት፣ መጠጥና አደንዛዥ ነገር ነው። ስለዚህም ለሚመለሰው ወጣት ዋራጊም ሆነ ማይሩንጊ የሚባለውን ጫት «ይህ ያዝናናሃል» ብሎ የሚጋብዝ ጓደኛ ወዳጅ አይደለም።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የመሸጋገሪያ ዝግጅት ወጪ እንዳለው አይካድም። ነገር ግን ሕመሙ ባገረሸ ቁጥር ሆስፒታሉ የሚያወጣው፣ ቤተ ሰቡ ለመጓጓዣ የሚበደረው፣ አስታማሚው ከሥራ ቀርቶ የሚያጣው ገንዘብ ሲደመር፣ ለጎብኚ የሚከፈለው ጥቂት ሆኖ ይታያል።

ሦስተኛው የእምነት ጉዳይ ነው። ብዙ ቤተ ሰብ ሕመምተኛውን ወደ ጠበል ወይም ወደ ጸሎት ቤት ይወስዳል። ይህን ማንም አይነቅፍም፤ ለብዙ ሰው መጽናኛ ነው። የሚነቀፈው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ወጣቱን በሰንሰለት ማሰርና መድኃኒቱን ማስቆም ነው። ጸሎቱም መድኃኒቱም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ አስተዋይ የሃይማኖት አባትም ይህን ራሱ ይመክራል።

ለመንደር ሹሞችና ለሠራተኞች

የዩጋንዳ ሕግ ለመንደር ሹም በዚህ ረገድ ሥልጣንና ግዴታ ሰጥቶታል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የልጆች ሕግ መሠረት ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደኅንነት የመንደሩ ምክር ቤት ኃላፊነት ነው፤ ጉዳዩንም በተለይ የሚመለከተው ምክትል ሊቀ መንበሩ ነው። የ2018 ዓ.ም. የአእምሮ ጤና ሕግም ከቅኝ ግዛት ዘመን የወረደውን አሮጌ ሕግ ተክቶ፣ ሕክምናው ከትልቁ ሆስፒታል ወደ ሕዝቡ አጠገብ እንዲቀርብ መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ አንድ ወጣት ታክሞ ሲመለስ የመንደሩ ሊቀ መንበር ነገሩ የእርሱ አይደለም ሊል አይገባውም።

ሊቀ መንበሩ ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ነገሮች ቀላሎች ናቸው። ቤተ ሰቡን ጠርቶ በጸጥታ ማነጋገር፤ የመንደሩን የጤና በጎ ፈቃደኛ እንዲጎበኝ ማሳሰብ፤ ሲያስፈልግ ለአውራጃው የማኅበራዊ ደኅንነት ሹም ማስታወቅ፤ ወጣቱን የሚሳደብ ወይም ድንጋይ የሚወረውር ሰው ቢኖር መገሠጽ፤ በቤት ጠብ ቢነሣ ወደ ፖሊስ ከመሄድ አስቀድሞ ሽማግሌ ማስቀመጥ ናቸው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግን የወጣቱን ምስጢር መጠበቅ አለበት። የአንድን ሰው ሕመም በስብሰባ ላይ ማውራት ርዳታ ሳይሆን በደል ነው።

ከሌላ አገር ተሰደው ለመጡት ወገኖቻችን ደግሞ የቋንቋ ችግር ይጨመራል። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ወይም በሉጋንዳ ይናገራል፤ ወጣቱ ሕመሙን የሚገልጸው በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ ነው። ዘመዱ በሌላ አገር ስለሚሆንም ደጃፉ ላይ የሚጠብቀው ሰው አይኖርም። ስለዚህ የአገር ልጆች ማኅበርና ዕድር ቢያንስ ሁለት ነገር ሊያዘጋጁ ይገባል፤ በመውጫው ቀንና በቀጠሮው ቀን አብሮ የሚሄድ ታማኝ አስተርጓሚ፣ እንዲሁም ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያስጠጋ ቤት። ለቀብር የሚሰበሰብ ማኅበር በሕይወት ላለው ልጅም ሊሰበሰብ ይቻለዋል።

ለቤተ ሰብ፣ ለአሠሪና ለመምህር

በመጀመሪያው ሳምንት፦ ወጣቱ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ሆስፒታል ሄዶ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ሰዓት፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ፣ እንዲሁም ሕመሙ ሲያገረሽ አስቀድሞ የሚታየውን ምልክት ጠይቆ ይጻፍ። የእንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ ያለ ምክንያት መጠራጠር ብዙ ጊዜ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ወጣቱ ስለ ሞት ቢናገር ቀልድ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ብቻውን ሳይተዉ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። በቤት ያለውን አደገኛ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ቆልፎ ማስቀመጥም አስተዋይነት ነው።

በመጀመሪያው ወር፦ በቤቱ ውስጥ ቀላል ሥራ ይሰጠው፤ ሁሉን ነገር ማድረግ ያለበት አይምሰለው፤ ምንም ነገር ማድረግ የማይችልም አይምሰለው። በቁጣና በወቀሳ የተሞላ ቤት ሕመሙን እንደሚያባብስ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። ረጋ ብሎ መናገርና አጥብቆ አለመመርመር ስለዚህ እንደ መድኃኒት የሚቆጠር ነው። ቀጠሮው በሚደርስበት ቀን መጓጓዣ እንዳይታጣ አስቀድሞ ይታሰብበት።

እስከ ሦስተኛው ወርና ከዚያም በኋላ፦ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ይመለስ። በኪሴኒ ጋራዥ ወይም በኦዊኖ ገበያ ሰው የሚቀጥር አሠሪ በመጀመሪያ ግማሽ ቀን ቢያሠራው፣ ኋላም ሰዓቱን ቢጨምርለት፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የሚወስድ ወጣት ሐኪሙ ሳይፈቅድ ቦዳ ቦዳ እንዳይነዳና በስለታም መሣሪያ እንዳይሠራ መጠንቀቅ ይገባል። መምህሩም ያመለጠውን ትምህርት በጥቂት በጥቂቱ እንዲያካክስ ይፍቀድለት፤ በክፍል ፊት ግን «የት ነበርክ?» ብሎ አይጠይቀው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ጊዜ የተነገረ ይመስላል።

ሕመሙ ምናልባት ቢያገረሽስ? ይህ ቢሆን የደከሙበት ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም። የወባ ሕመም የተመለሰበትን ሰው ማንም አይወቅሰውም፤ ዳግመኛ ያሳክመዋል። የአእምሮም ሕመም እንደዚሁ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሆስፒታል የገባ ወጣት ሁለተኛ ጊዜ ደጃፉ ክፍት ሆኖ ሊያገኘው ይገባል።

መደምደሚያ

በዚህ ኮረብታ ሥር በየቀኑ ብዙ ሰዎች ከአውቶቡስ ይወርዳሉ፤ ብዙዎችም ይሳፈራሉ። ከእነርሱ አንዱ ከቡታቢካ የተመለሰ ልጅ ይሆናል። ሆስፒታሉ ድርሻውን አድርጎ እስከ በሩ ሸኝቶታል። የቀረው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ነገር ግን ብቻውን ከሄደበት እጅግ ይረዝማል። የሚያስፈልገውም ትልቅ ሕንፃ ሳይሆን የመጣበትን ቀን የሚያውቅ ዘመድ፣ በስሙ የሚጠራው ጎረቤት፣ ግማሽ ቀን የሚያሠራው ባለ ሙያ፣ ምስጢሩን የሚጠብቅለት ሹም ነው። በየመንደሩ ያላችሁ ሹሞችና የከተማው ነዋሪዎች ሁሉ፣ በአጠገባችሁ እንዲህ ያለ ወጣት እንደ ሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ካለም ደጃፉን ሳይደርስ ቀድማችሁ ተቀበሉት።